በሰባተኛው ኩሬ የተጣለው ደብዳቤ

እኔ ኳስ ለቃሚው ማንሶክ ውሸታም መሆኔን የማያውቅ የጄቾን ከተማ ሰው ካለ ትናንት የተወለደ ነው። በጎልፍ ሜዳው ሰባተኛ ጉድጓድ አጠገብ ባለው ኩሬ ውስጥ አርባ ኳስ የዋጠች አምባዛ አለች፣ ስትዋኝ እንደ ጸናጽል ትንሿሿለች ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩትም ደብተሬን እሷ ስለዋጠችብኝ ነው ብያለሁ። ዛሬ የማወራው ግን እውነት ነው። ችግሬም ይኸው ነው፤ እውነት ማውራት ስላልለመድኩ አፌ ላይ ይከብደኛል።

ሥራዬ ባለገንዘቦች ኩሬ ውስጥ የከተቱትን ኳስ ጠልቄ ማውጣት፣ በአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ማጠብ፣ ከዚያም ሃምሳ ሃምሳውን በመረብ ከረጢት አስሬ መንገድ ዳር መሸጥ ነው። ዮንሃ ደግሞ ገበያው ጥግ ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት ናት። እናቷ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ከተማው ዛሬም «ዳይሬክተሯ» ነው የሚላቸው። ስለ እኔ የተናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ከኩሬ የሚወጣ ሰው ቤቴ አይገባም፤ ምንጣፌ ይረጥባል» አሉ። በቃ።

ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሥራ ይዤ ነበር፦ በነሐሴ መጨረሻ ወደ ጋንግዎን ተራሮች የምናደርገውን የሰባት ቀን የጎልፍ ጉዞ ማቀድ። ኪሱ መካከለኛ የሆነ ሰው ጎልፍ ሲያምረው እንደ ጦር አዛዥ ማሰብ አለበት። ዝናቡ ሳያባራ ከሄድክ ጭቃ ትጫወታለህ፤ በትምህርት ቤት እረፍት ከሄድክ ዋጋው ቆዳህን ይገፍሃል። ስለዚህ የመጨረሻው የሙቀት ቀን ካለፈ በኋላ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሲመለሱ። ቅዳሜና እሁድ የለም። ጎህ ሲቀድ መጀመር፤ ርካሽም ነው፣ ይቀዘቅዛልም። ማደሪያ የድንች ገበሬ ቤት። ሜዳ ላይ የሚሸጥ ምግብ ክልክል፤ የሩዝ ጥቅልል ከቤት ይያዛል። ኳስ በነፃ፤ ኳሱን የሚያቀርበው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

የዚህ ሁሉ ድካም ምክንያት ግን ጎልፍ አልነበረም። ዮንሃ ሁለት ዓመት የተጫወተችው በስክሪን ጎልፍ ቤት፣ ግድግዳ ላይ በሚበራ ሜዳ ነው። እግሯ እውነተኛ ሣር ረግጦ አያውቅም። እኛ ዘንድ ደግሞ አንዲትን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሣሩ ላይ የሚያወጣት «ፀጉሯን አሰረላት» ይባላል፤ ድሮ ልጃገረድ ስትዳር ሹሩባዋ ተጠቅልሎ ይታሰር እንደነበረው። የዚያን ቀን ወጪዋን እሱ ይችላል፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ስሙን ታነሳለች። ያ ስም የእኔ እንዲሆን በብርዱ ወራት በረዶ እየሰበርኩ ጠልቄአለሁ። (እዚህ ላይ ትንሽ አጋነንኩ። በረዶው ስስ ነበር።)

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ እቅዱን ይዤ ዳልሆ ቤት ገባሁ። ዳልሆ አብሮ አደጌ ነው፤ ቀዝቃዛ ኑድል ይሸጣል፣ በሹክሹክታ ማውራት አይችልም። ዮንሃ ቀድማ ተቀምጣለች።

«ሦስት ነን» አለ ዳልሆ ሳህኖቹን እያስቀመጠ። «ሜዳዎቹ ደግሞ ከአራት በታች አይቀበሉም፤ ቢቀበሉም የአራት ያስከፍላሉ። ጋሪውም የሚከራየው ለአራት ነው።»

«አራተኛ አምባዛዋን እናስመዝግባት» አልኩ።

«ዝም በል አንተ እንቁራሪት። አግኝቻለሁ፤ ዶክተር ታክ።»

የጎረስኩት ኑድል ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ አለ። ታክ የጥርስ ሐኪም ነው። ረጅም፣ ንጹሕ፣ ሚስቱን ከፈታ አራት ዓመቱ። ጥርሱ እንደ አዲስ ኳስ ይነጣል። እጁ የኩሬ አልጌ አይሸትም።

«ቫን አለው» ቀጠለ ዳልሆ። «አራት የዱላ ከረጢት በእኔ መኪና ብንጭን አንዳችን ጣሪያ ላይ ነው የምንሄደው።»

«እኔ ጣሪያ ላይ እሄዳለሁ።»

«ደሞ ምን አለ መሰላችሁ…» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እሱ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ገበያው በሙሉ ይሰማል። «የዮንሃን ፀጉር እኔ አስርላታለሁ፣ የመጀመሪያ ቀኗ ወጪ በእኔ አለ!»

ዮንሃ ከሳህኑ ጋር የቀረበውን የኑድል መቁረጫ መቀስ አንስታ ኑድሏን መቁረጥ ጀመረች። ሰው ኑድል ሁለቴ ይቆርጣል፣ ቢበዛ ሦስቴ። እሷ ሩዝ እስኪመስል ከታተፈችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ «ተናገር» ይል ነበር፤ ይህን አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን በጆሮዬ ውስጥ የታክ ቫን ይነዳ ነበር።

«ጥሩ ነው» አልኩ። «ፀጉሯን ሲያስር በዚያው ጥርሷንም ያያል።»

ዳልሆ ሳቀ። ዮንሃ አልሳቀችም። ስንወጣ በሩ ላይ ቆም አለች።

«ማንሶክ፣ ለቁም ነገር የሚሆን አድራሻ የለህም?»

«አለኝ እንጂ! ሰባተኛው ኩሬ፣ ከሸምበቆው በስተቀኝ። ፖስተኛዋ አምባዛ ናት። ሐሙስ ሐሙስ ደብዳቤዬን አነባለሁ።»

«እሺ» አለች ቀስ ብላ። ሄደች። ቀልዴ ግን ከእሷ ጋር አልሄደም፤ አፌ ውስጥ ቀርቶ ቀኑን ሙሉ ሲመርረኝ ዋለ።

*

ሐሙስ ጠለቅሁ። ኩሬ ውስጥ ምንም አይታይም፤ በእጅ ዳብሶ ነው። በመጀመሪያው መረብ ካወጣኋቸው ኳሶች ሁለቱ እጄ ላይ ንጹሕ ሆኑብኝ። ጭቃ ያልቆየባቸው ነበሩ። ጠራረግኋቸው። በሁለቱም ላይ ትንሽ ቀይ በርበሬ ተስሏል።

ያ የዮንሃ ምልክት ነው። ስክሪን ጎልፍ ቤት ኳሷ ከሌላ ሰው እንዳይቀላቀል የምትስለው። ከበርበሬው ሥር ውሃ በማያስለቅቀው ቀለም ተጽፏል። የእጅ ጽሑፏን አውቀዋለሁ፤ የመድኃኒት ከረጢት ላይ «ከምግብ በኋላ» ብላ እንድትጽፍልኝ ስንት ጊዜ ሳያመኝ አሞኛል ብያለሁ! አንደኛው ኳስ ላይ «ከዶክተር ታክ» ይላል። ሁለተኛው ላይ «ጋር»።

 የእኛን ልማድ የሚያውቅ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ሰው ፀጉሩ በታሰረበት ቀን ኳሱ ላይ ከማን ጋር እንደወጣ ይጽፋል። ስለዚህ ወጥታለች ማለት ነው። እዚሁ ሜዳ ላይ፣ እኔ በምጠልቅበት ኩሬ ዳር፣ ከእሱ ጋር። ኳሱ ውሃ ሲገባባት ስቃለች። እሱም በዚያ ነጭ ጥርሱ ስቋል። ምናልባት እጇን ይዞ ዱላ አያያዝ አሳይቷታል። ከኋላዋ ቆሞ። ክንዷን ደግፎ። አምላኬ!

ቅናት እንደ ቃር ነው፤ ከታች ተነስቶ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። የተረፈውን ኳስ አንድ በአንድ አላየሁትም። በአካፋ ዝቄ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት፣ ሃምሳ ሃምሳ ቆጥሬ አሰርኩት። ዓይኔ ይረጥብ ነበር። የኩሬ ውሃ ነው፤ የመጥለቂያ መነጽሬ ያፈሳል።

በማግስቱ የታክ ነርስ «ለጉዞው» ብላ አንድ ከረጢት ልትገዛ መጣች። ከነሐስ የከበደ ፊት አሳይቼ፣ ዋጋ ጨምሬ ሸጥኩላት።

*

እቅዱን በፖስታ አሽጌ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ዳይሬክተሯ ጥግ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ዘርግተዋል። ከጋዜጣው በላይ ጫማዬን አዩ።

«ምንጣፉን» አሉ።

«ደረቅ ነኝ፣ እሜቴ።»

ዮንሃ ነጭ ጋውን ለብሳ ከመደርደሪያው ኋላ ቆማለች። ስታየኝ ፊቷ በራ። ያ ብርሃን ነው የገደለኝ፤ ለእኔ መሆኑን አላወቅሁምና።

«ፖስታው ደረሰህ?» አለች።

እንዳውቀው ፈልጋ ኖሯል! ልታበሽቀኝ! «ደርሶኛል» አልኩ። «ጥርት አድርጌ አንብቤዋለሁ።»

«እና… መልስህ?»

ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «መልሴ ይኸው። የሰባቱ ቀን እቅድ በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ። እኔ አልሄድም። አምባዛዋ ታማለች፤ አስታማሚ ትፈልጋለች።»

መልኳ ጠፋ። «አንብበህ ነው እንዲህ የምትለው?»

«አንብቤ ነው።»

«ሁሉንም?»

«የሚበቃኝን ያህል።»

«ማንሶክ» አለች፤ «አንድ ሴት እንደዚያ ብላ ስትጽፍ ስንት ጊዜ እንደምትሞት ታውቃለህ?»

«ደስ ብሏት የጻፈች ሴት አትሞትም። መልካም መንገድ። ዶክተሩ ጥሩ ሾፌር ነው ይባላል።»

 ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገች፤ የራስ ምታት መድኃኒት ከመደርደሪያ አውርዳ፣ ከረጢቱ ላይ ምንም ሳትጽፍ ገፋ አደረገችልኝ። «ከምግብ በኋላ» እንኳ አላለችም። ያን ባዶ ከረጢት ይዤ መንገድ ላይ ስወጣ፣ ሰው ሳይሞት እንዴት እንደሚቀበር ገባኝ።

*

እሁድ ከሰዓት ኳስ እያጠብኩ ሳለ ጥላ ወደቀብኝ። ዶክተር ታክ ነው። መረብ ከረጢቱን አንጠልጥሏል።

«የሸጥክልኝ ኳስ ችግር አለበት» አለኝ።

«የሠለጠነ ኳስ ነው። ችግሩ ከመቺው ነው።»

አልሳቀም። ከኪሱ ሦስት ኳስ አውጥቶ ሳንቃዬ ላይ ደረደረ። ሦስቱም ላይ ቀይ በርበሬ። «ፀጉሬን» ይላል አንዱ። «ይሰርልኝ» ይላል ሌላው። ሦስተኛው «አልሄድም»።

«ጽሑፉን አውቀዋለሁ» አለ። «ለታካሚዎቼ የመድኃኒት አወሳሰድ የምትጽፍላቸው እሷ ናት። ግን መጀመሪያው የለም። አንተ ጋ ይኖራል ብዬ ነው።»

ሁለቱን ከኪሴ አወጣሁ። አዎ፣ ይዣቸው ነበር የምዞረው፤ ሰው የታመመ ጥርሱን በምላሱ መነካካት አይተውም። ታክ ተቀበለኝና ጥርስ እንደሚደረድር ሰው በሁለት ጣቱ አስተካከላቸው። ከዶክተር ታክ። ጋር። አልሄድም።

 ማጠቢያ ማሽኑን አጠፋሁት።

«ደብዳቤ በኳስ ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ ነው» አለ ታክ። ፈገግ ለማለት ሞከረ። ያ ነጭ ጥርስ ያን ቀን አሳዘነኝ። «ለካ ፀጉሯን አስራለሁ ስል ማንም እሷን አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኋት።»

«ዶክተር… ከእርስዎ ጋር ሣር ላይ ወጥታ አታውቅም?»

«መቼ? ሰላም ከማለት ሌላ ምን ተባብለን እናውቃለን?»

 ከዚያ አምስቱን ኳሶች ደግሜ አየሁ። ከዶክተር ታክ ጋር አልሄድም። ፀጉሬን … ይሰርልኝ። መሃል ላይ ክፍተት አለ።

«እዚህ ጋ አንድ ስም ጎድሏል!» ጮህኩ። «ማን ይሰርላት? ማን?»

ታክ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ኪሱ አበጥ ብሏል። «ያቺ ኳስ እኔ ጋ ትቀራለች።»

«ያሳዩኝ!»

«አላሳይህም። ስሙን ከራሷ አፍ ስማው። እኔ በኳስ ሰምቼዋለሁ፤ ለሁለተኛ ጊዜ መስማት አልፈልግም።» የቫኑን ቁልፍ ሳንቃው ላይ አስቀመጠ። «ከረጢቶቻችሁ ዳልሆ መኪና ውስጥ አይገቡም። ስትመለሱ አጥባችሁ መልሱልኝ።»

ሄደ። ሰው እንዲህ ደግ ሲሆን እንዴት ይጠላል? ግን ጠላሁት። ኪሱን ጠላሁት። በእሷ እጅ የተጻፈ ስም ይዞ ነው የሄደው። ደግሞ የማን ስም? የዳልሆ? ሦስት ልጅ አለው! የሜዳው ዘበኛ? ጺሙን መላጨት የጀመረው በቅርቡ ነው! እየሮጥኩ በመንገዱ ላይ ያገኘሁትን ወንድ ሁሉ ተጠራጠርኩ፤ የሐብሐብ ሻጩን ሽማግሌ ሳይቀር።

*

መድኃኒት ቤቱ እሁድ ዝግ ነው። ፎቁ ላይ ያለውን የመኖሪያ ቤታቸውን በር ደበደብኩ። ዳይሬክተሯ ከፈቱ። እቅዴን እንደ ፈተና ወረቀት ይዘዋል፤ ቀይ እስክሪብቶ ጆሯቸው ላይ ሰክተዋል።

«ዮንሃ የለችም። ፖስታዋን ልታስመልስ ሄዳለች» አሉ። ልዞር ስል «ቁም» አሉኝ። ቆምኩ። እንኳን እኔ፣ ውሻም ይቆማል።

«ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ‹በአቋራጩ አንሄድም፤ በረጅሙ መንገድ አርባ ደቂቃ ይጨምራል፣ ግን ጠመዝማዛ የለውም› ብለሃል። ለምን?»

«መኪና ያጥወለውላታል፣ እሜቴ።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ከንፈሯ ሲነጣ አይቻለሁ።»

«የመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ፣ ከኋላ ተጫዋች በማይኖርበት ሰዓት። ይሄስ?»

«ሰው ከኋላዋ ከቆመ እጇ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያ ቀኗ እንዲያሳፍራት አልፈለግሁም።»

ወረቀቱን አጠፉት። «አርባ ዓመት ፈተና አርሜአለሁ። አንተ ውሸታም ነህ፤ እዚህ ላይ ግን ውሸት ብፈልግ አጣሁ። ስለ ገንዘብና ስለ ሰዓት የጻፍክ መስሎህ ነው አይደል? ሌላ ነገር ነው የጻፍከው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዶክተሩ ደውሎ ቀርቷል። ሦስት ሰው ደግሞ አይቀበሉም። ዱላዬ ምድር ቤት ነው፤ ዝገቱን ጥረግልኝ።»

«እርስዎ… ሰባት ቀን?»

«ሰባት ቀን። ስትበላ አይሃለሁ።»

ከአምባዛ ፈርቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ወደ ኩሬው በረርኩ፤ ከፍርሃት ይሁን ከደስታ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

*

ፀሐይ ሸምበቆው ላይ ስታዘነብል ኩሬው ደረስኩ። ዮንሃ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ውሃ ውስጥ ቆማለች። በረጅም ዘንግ ጭቃውን ትኮረኩራለች። ፊቷ በእንባ ይሁን በውሃ ረጥቧል።

«ውጪ! እዚያ ጋ ጥልቅ ነው!»

«ደብዳቤዬን መልስልኝ!» ጮኸች ዞር ሳትል። «ዘበኛው እንኳ ሳቀብኝ፤ ‹ያለ ዱላ ኳስ ወደ ውሃ የምትወረውር ሴት› አለኝ! ስድስት ኳስ ነው። አንብበህ ናቅከኝ፤ ሌላ ሰው እንዲያነበው አልፈልግም።»

ውሃው ውስጥ ከነጫማዬ ገባሁ። አምስቱን በሁለት እጄ ይዤ ዘረጋሁላት።

«ሁለቱን ብቻ ነበር ያነበብኩት። ‹ከዶክተር ታክ ጋር› የሚለውን። የቀረውን ሳላይ ለራሱ ለታክ ሸጥኩለት።»

ዘንጉ ከእጇ ወደቀ። «ሸጥከው? ደብዳቤዬን? በከረጢት?»

«ዋጋም ጨምሬ።»

ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ድምፅ ወጣት። እኔ ግን ገና አልተፈወስኩም። «ዮንሃ፣ አንዲት ኳስ ጎድላለች። ታክ አልሰጥም ብሏል። እዚያች ላይ ማን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

አተኩራ አየችኝ። «አታውቅም?»

«አላውቅም። ዘበኛው ነው?»

«አንተ ደንቆሮ!»

«ንገሪኝ፣ በሞቴ!»

«አልነግርህም። መጀመሪያ አንተ አንድ ነገር ተናገር። አንድ ብቻ። ቀልድ የሌለበት። አምባዛ የሌለችበት።»

አፌን ከፈትኩ። አምባዛዋ መጣች፤ ገፋኋት። ስለ ጥርስ አንድ ቀልድ መጣ፤ ዋጥኩት። ሌላም መጣ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ከሥር የቀረው አንድ ቃል ነበር፣ ዝቃጭ ላይ እንደሚገኝ የቆየ ኳስ።

«ቀናሁ» አልኩ። «ማክሰኞ ቀናሁ። ሐሙስ ቀናሁ። ዛሬም ሐብሐብ ሻጩ ላይ ቀናሁ። ፀጉርሽን ሌላ ሰው ከሚያስረው እዚህ ኩሬ ውስጥ ገብቼ ባልወጣ ይሻለኛል። ማክሰኞ ይህን ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ። ምንጣፋችሁን የማረጥብ ሰው ነኝ።»

ነፋሱ ሸምበቆውን አስተኛው። ዮንሃ ቀረብ አለች፤ እጄ ላይ ካሉት ኳሶች «ፀጉሬን» የሚለውን በግራዬ፣ «ይሰርልኝ» የሚለውን በቀኜ አስያዘችኝ። ከዚያ መሃል ባለው ባዶ ቦታ ገባችና፣ ግንባሯን ደረቴ ላይ አስደግፋ፣ የጎደለውን ቃል ተናገረች።

«ማንሶክ።»

በሕይወቴ ያን ያህል ደስ የሚል ስም ሰምቼ አላውቅም።

ዱላው ከዝገት ጠርቷል፤ የገበሬው ቤት ተይዟል፤ ዳይሬክተሯ ከፊት ወንበር አልነሳም ብለዋል። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። የቫኑን ወረቀት ልቀበል ታክ ክሊኒክ ብሄድ፣ ያቺ ኳስ ጠረጴዛው ላይ፣ የነቀላቸውን ጥርሶች በሚያጠራቅምበት ብርጭቆ አጠገብ ተቀምጣለች። ቀይ በርበሬ፣ ከሥሯ በእሷ እጅ የተጻፈው የእኔ ስም። ሥራ ሲበዛበት በጣቱ ያሽከረክራታል።

ሰው በገዛ ስሙ ይቀናል እንዴ? እኔ እቀናለሁ።